ዌስትጌቱን ወደ መገናኛው ማዛወር፦ የ4ጂ63 ሞተር የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

ሞተሩ የሚትሱቢሺ 4ጂ63 ነው፤ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 1997 ሲሲ፣ የጭስ ማውጫው ጎን ወደ ራዲያተሩ የዞረ። ማኒፎልዱ (የአራቱን ሲሊንደሮች ጭስ በአራት ቱቦ ተቀብሎ መገናኛው ላይ አንድ አድርጎ ለተርቦው የሚያደርሰው) ከፋብሪካ የመጣው ሳይሆን ከ304 አይዝጌ ብረት ቱቦ እየተቆረጠ የተበየደ ነው። ዌስትጌቱ፣ ማለትም ትርፍ ጭስ የሚያስወጣው ቫልቭ፣ በጭስ ኃይል ዞሮ አየር ወደ ሞተሩ ከሚያምቀው ተርቦ ተለይቶ ለብቻው የሚታሰር ባለ 38 ሚሊ ሜትር ሲሆን ውስጡ ያለው ሞላ የ0.7 ባር ነው። ቡስቱ (ተርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር ግፊት) 0.7 ባር ሲደርስ ቫልቩ ይከፈታል፣ ትርፉ ጭስ ተርባይኑን (ጭሱ የሚያዞረውን የተርቦ ክፍል) ሳይነካ ያልፋል፣ ቡስቱም እዚያው ላይ ይቆማል። መሆን ያለበት ይህ ነው።

አይቆምም። በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ተረግጦ የተመዘገበው እንዲህ ነው፦ በ3800 ዙር 0.7 ባር፣ በ5000 ዙር 0.85፣ በ6000 ዙር 1.02፣ በ6500 ዙር 1.15። እዚያ ላይ እግሬን አነሣሁ።

በቡስት ነገር ሁለት በሽታዎች ይምታታሉ። አንደኛው ቡስቱ ገና ሲነሣ ከሚገባው በላይ ዘሎ ወዲያው ወደ ቦታው የሚመለስበት ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቩ ወይም የመቆጣጠሪያው መዘግየት ነው። ሁለተኛው ከዙሩ ጋር አብሮ እያዘገመ ሽቅብ የሚወጣው ነው። ይህኛው የሚመጣው ቫልቩ ተከፍቶም ቢሆን በእሱ በኩል የሚያልፈው ጭስ ሳይበቃ ሲቀር ነው። የእኔ መስመር ሳይዘል፣ ቀስ እያለ የሚወጣ ነው፤ ያለ ጥርጥር ሁለተኛው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስል። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተስተካከለው የነዳጅ መጠንና የካንዴላ እሳት ጊዜ ለ0.7 ባር ነው። ከዚያ በላይ የሚገባው አየር ሙቀትና ግፊት ይዞ ይመጣል፤ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ከዚያ ወዲያ የፒስተን ቀለበት መያዣ ሲሰበር ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቡስቱ 1.0 ባር ሲያልፍ ነዳጅ እንዲቆረጥ በኮምፒውተሩ ላይ ወሰን አስገብቻለሁ።

ከሰዓት

በዚህ በሽታ ላይ ቶሎ የሚሰጠው ምክር “ትልቅ ዌስትጌት ግዛ” ነው። አልገዛም። ከመግዛት በፊት ማወቅ የምፈልገው ቫልቩ ነው የጠበበው ወይስ ወደ ቫልቩ የሚወስደው መንገድ የሚለውን ነው።

ይህን የሚለይ ቀላል ሙከራ አለ፦ ሞላውን በለስላሳ መቀየር። የ0.7 ባሩን አውጥቼ የ0.4 ባር አስገባሁና በዝግ ሜዳ ላይ ያንኑ ደገምኩ። በ3500 ዙር 0.42 ባር፤ ሞላው በትክክል እየገዛ ነው። በ5000 ዙር 0.74። በ6000 ዙር 0.99፤ ወሰኑ ሊይዘኝ ሲል ለቀቅኩት። ሁለቱን መስመሮች አንዱን በሌላው ላይ ሲያስቀምጧቸው ታች ላይ ተራርቀው ይጀምሩና 6000 አካባቢ ሊነካኩ ትንሽ ይቀራቸዋል። ላይኛው ዙር ላይ ሞላው ቢለሰልስም ቢጠነክርም ለውጥ የለም ማለት ነው። ቫልቩ ክፍት ነው፤ ጭሱ ግን ወደ እሱ አይሄድም።

እሑድ

ቫልቩ ክፍት ነው ያልኩት በግምት እንዳይሆን ዌስትጌቱን ፈትቼ ሞርሳ ላይ አሰርኩት። የ0.7 ባሩን ሞላ መልሼ ከኮምፕሬሰሩ በማስተካከያ የተለካ አየር በጎን ኒፕሉ (የአየር ቱቦ በሚሰካበት አፍ) አስገባሁ፤ የላዩ ኒፕል ለአየር ክፍት። በ0.68 ባር ቫልቩ ከመቀመጫው ተነሣ። 1.0 ባር ላይ ከ9 ሚሊ ሜትር በላይ ተከፍቷል።

ይህ ቁጥር ትርጉም አለው። ክብ ቫልቭ ሲነሣ ጋዙ የሚያልፈው በዙሪያው በሚፈጠረው ክፍተት ነው። ያ ክፍተት ከቀዳዳው ስፋት ጋር እኩል የሚሆነው ቫልቩ የዲያሜትሩን ሩብ ያህል ሲነሣ ነው፤ ለ38 ሚሊ ሜትር 9.5 መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ቢነሣ ብዙም አይጨምርም። በሞተሩ ላይ ሲሆን ደግሞ የጭሱ ግፊት ራሱ የቫልቩን ፊት እየገፋ ያግዘዋል፤ ስለዚህ እዚያ የሚከፈተው ከዚህ አያንስም። ዲያፍራሙን (የአየሩ ግፊት ገፍቶት ቫልቩን የሚያነሣውን ስስ ሽፋን) በሳሙና ውሃ ፈተሽኩት፣ አረፋ የለም። ዌስትጌቱ ጤነኛ ነው።

ማኒፎልዱ ተፈቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግን ነገሩ በዓይን ይታያል። የዌስትጌቱ ቱቦ የተተከለው ከ4ኛው ሲሊንደር በሚመጣው ቱቦ ጎን ላይ ነው፤ ያውም ልክ በ90 ዲግሪ። ጣት ሲገባበት የብየዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ እንደ ከንፈር ወጥቶ ይሰማል። አፉ ዙሪያ ያለው ጥላሸት ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ ጎኑ ያለው የዋናው ቱቦ ግድግዳ ግን ተጠርጎ ግራጫ ሆኗል። ጋዙ ቀዳዳውን በጎን እያየ ያልፈዋል።

ማታ፣ በወረቀት ላይ

ለምን እንደሚያልፈው ልቁጠረው። 2 ሊትር ሞተር በ6500 ዙር፣ በ0.7 ባር ቡስት፣ በደቂቃ 11 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ይስባል፤ ነዳጁ ሲጨመር ወደ 12 ይጠጋል። ይህ ሁሉ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሆኖ፣ ተርባይኑ በሚፈጥረው ግፊት ታምቆ፣ 55 ሚሊ ሜትር ውስጣዊ ስፋት ባለው መገናኛ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ120 ሜትር በላይ ይሆናል። እንዲህ የሚሮጥ ጋዝ በ90 ዲግሪ ታጥፎ ጎን ላይ ያለ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም። ቀጥ ብሎ ተርባይኑ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከማዕዘኑ የባሰው ደግሞ ቦታው ነው። 4ኛው ቱቦ ላይ የሚያልፈው የ4ኛው ሲሊንደር ጭስ ብቻ ነው። የ1ኛው፣ የ2ኛውና የ3ኛው ጭስ በዚያ ቀዳዳ መውጣት ቢፈልግ መገናኛው ድረስ ወርዶ፣ በ4ኛው ቱቦ ወደ ኋላ ሽቅብ ተመልሶ ነው የሚያገኘው። የማቀጣጠሉ ተራ 1-3-4-2 ስለሆነ ከአራት ምት በአንዱ ላይ ብቻ ቀዳዳው ፊት ለፊት የሚያልፍ ጭስ ያገኛል። በዚያ ላይ የ4ኛው ሲሊንደር ጀርባ ግፊት ከሦስቱ የተለየ ይሆናል፤ ካንዴላዎቹን ጎን ለጎን ሳያቸው አራተኛዋ ቀለሟ የተለየበት ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የሸቭሮሌት ኮርቬር ተርቦ ሞዴል ጭራሽ ዌስትጌት አልነበረውም፤ ቡስቱን የሚገታው የጭስ መውጫው ራሱ በሚፈጥረው መታፈን ነበር። እንዲህ ያለ ማኒፎልድ ላይ ውድ ዌስትጌት ማሰር ወደዚያ ዘመን መመለስ ነው፦ ቫልቭ አለ፣ ቡስቱን የሚወስነው ግን መታፈኑ ነው።

ስለዚህ የሥራው ሐሳብ ተቆርጧል። ዌስትጌቱ ያው ባለ 38፣ ሞላው ያው፣ የአየር መስመሩ ያው፤ የሚለወጠው ቦታውና ማዕዘኑ ብቻ። ሌላ ነገር አብሬ ከቀየርኩ የትኛው እንደሠራ አላውቅም።

ሰኞ ማታ

አዲሱ ቀዳዳ መሆን ያለበት አራቱ ቱቦዎች ተገናኝተው ካበቁ በኋላ፣ ከተርቦው ፍላንጅ (ተርቦው በብሎን ከሚታሰርበት ጠፍጣፋ ብረት) በፊት ነው። እዚያ የአራቱም ጭስ ተቀላቅሏል። መገናኛው ወደ ተርቦው ሲወርድ ይታጠፋል፤ የሚሮጥ ጋዝ ሁልጊዜ የመታጠፊያውን የውጭ ግድግዳ ነው የሚመታው። ቀዳዳው በዚያ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ከሆነ ጋዙ በራሱ ግፊት ይገባበታል፤ የዌስትጌቱ ቱቦ ቀጥተኛው መንገድ፣ ተርባይኑ መታጠፊያው ይሆናል።

ቱቦው 48.3 ሚሊ ሜትር ውጫዊ፣ 42.7 ውስጣዊ ስፋት ያለው ነው። ከፍሰቱ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ45 ዲግሪ እንዲያንስ ፈልጌ 35 ላይ ወሰንኩ። ከዚህ ያነሰ ማዕዘን ጥሩ ነበር፣ ግን ቀዳዳው እየረዘመ ይሄዳል፦ በ35 ዲግሪ ራሱ 42.7 የነበረው ክብ ወደ 74 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ሞላላ ሆኗል። መገናኛው ላይ ያለኝ ቦታ ከዚያ ብዙም አይበልጥም።

ተርቦው ጭሱን በሁለት የተለያዩ መስመሮች የሚቀበል ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሌላ ነበር። በዚህ ሞተር 1ና 4 በአንድ ወገን፣ 2ና 3 በሌላው ይሄዳሉ፤ ከሁለቱም ወገን ለየብቻ መውሰድና እስከ ቫልቩ ድረስ አለማገናኘት፣ ወይም ሁለት ዌስትጌት ማሰር ግድ ይላል። መገናኛው ላይ አንድ ቀዳዳ መክፈት የሁለቱን መለያየት ያፈርሰዋል። የእኔ አንድ መስመር ስለሆነ ከዚህ ተርፌያለሁ።

ማክሰኞ

ማኒፎልዱን ከተርቦው ጋር አስሬ ሞተሩ ላይ መለስኩት፤ ቦታ የሚመረጠው ጠረጴዛ ላይ አይደለም። ሦስት አቅጣጫ ሞከርኩ፣ ቱቦውን በወፍራም ካርቶን እየጠቀለልኩ፣ ዌስትጌቱን በእጅ እየያዝኩ።

ወደ ሞተሩ ብሎክ፣ ከታች፦ ለፍሰቱ ግሩም ነው፣ ግን ከተርቦው ዘይት የሚወርድበትን ቱቦ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ወደ ፊት፦ የራዲያተሩ ቬንትሌተር ይከለክላል። ወደ ላይ፣ በተርቦው የአየር ክፍል ጎን፦ ለቀቅ ያለ ቦታ አለ፣ ከኮፈኑም በቂ ርቀት አለው። ላይኛውን ያዝኩ።

የሚበይድልኝ የሙያ ታላቄ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየውና፣ “ጋዙ የሚገባበትን ብቻ ነው እንዴ ያየኸው? ያንን ክላምፕ በየትኛው እጅህ ልትፈታው ነው?” አለኝ። እውነቱን ነው። ዌስትጌቱን ከቱቦው ጋር የሚይዘው የቪ-ባንድ ክላምፕ ዳዶ ወደ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ዞሮ ነበር። ዌስትጌቱን በአንገቱ ላይ ትንሽ አዙረን ዳዶው ወደ ላይ እንዲመጣ አደረግነው፤ አሁን ረጅም ሶኬት ቀጥታ ይገባል። ማንም ዌስትጌት የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ጥያቄ በዚህ ሰዓት ይጠይቅ፤ ሞላ ለመቀየር ተርቦ ማውረድ የማያስፈልግበት ቦታ ያስፈልጋል።

ሞተሩ በጎማ መያዣዎቹ ላይ ስለሚወዛወዝ በረጅም ብረት እየገፋሁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አየሁት። በሁሉም በኩል ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል፤ ከፍሬን መስመሩ ደግሞ ከዚያ እጅግ የራቀ ነው። አንገቱን በተቻለ መጠን አሳጠርኩት፦ ዌስትጌቱ በረጅም አንገት ጫፍ ላይ ከተንጠለጠለ ብየዳው በመንቀጥቀጥ ብዛት ይሰነጠቃል።

ረቡዕ

ቆረጥን። ሞላላውን መጀመሪያ በወረቀት ጥለት ቱቦው ላይ አሳልፈን፣ ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ቆርጠን፣ የቀረውን በሞረድና በትንሽ መፍጫ አደረስነው። መቸኮል የማይገባው እዚህ ላይ ነው፤ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ በያጁ በሽቦ ሊሞላው ይገደዳል፣ የሞላው ሁሉ ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ ያቺ የድሮዋ ከንፈር ትመለሳለች። ቱቦው በቀዳዳው ላይ ሲቀመጥ በእጅ ሳይያዝ እስኪቆም ድረስ አሸነው።

የድሮውን ቀዳዳ ከንፈሩን ፍቀን በ3 ሚሊ ሜትር የ304 ቁራጭ፣ የቱቦውን ክብነት ተከትሎ በተቀጠቀጠ፣ ዘጋነው።

ሐሙስ

ብየዳው ቲግ (በአርጎን ጋዝ ከለላ የሚደረግ የኤሌክትሪክ ብየዳ) ነው። ማኒፎልዱ በሙቀት እንዳይጠማዘዝ ፍላንጁን በወፍራም ብረት ሰሌዳ ላይ በሁሉም ብሎኖቹ አሰርነው። አፎቹን ሁሉ በአሉሚኒየም ቴፕ ዘግተን ከውስጥ አርጎን ለቀቅንበት። አይዝጌ ብረት ሲቀልጥ ጀርባው አየር ካገኘው እንደ ተቃጠለ ስኳር ያለ ጥቁር ሻካራ ነገር ያወጣል፤ ያ ነገር በኋላ ይሰነጠቃል፣ ከተላቀቀም ቀጥታ ተርባይኑ ላይ ነው የሚሄደው። ውስጡን በአርጎን መሙላት ጋዝ ይፈጃል፤ ቢሆንም በተርቦ ማኒፎልድ ላይ መታለፍ የለበትም እላለሁ።

304ን ከ304 ጋር ለመበየድ የተጠቀምንበት ሽቦ 308ኤል ነው። አራት ቦታ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ፣ ከዚያ አንድ አጭር መስመር በአንድ ወገን፣ ቀጣዩ በተቃራኒው። ማኒፎልዱ እስከሚበርድ ከሰሌዳው አልፈታነውም። የብየዳው ቀለም ገለባ መሰል ወርቃማ ወጣ፤ ግራጫ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ በዝቷል ወይም ጋዙ አንሷል ማለት ነበር።

የዌስትጌቱን የቪ-ባንድ ፍላንጅ ስንበይድ ዌስትጌቱ ራሱ ቦታው ላይ አልነበረም። ዲያፍራሙና የቫልቩ መምሪያ የብየዳ ሙቀት አይችሉም። የቫልቩ መቀመጫ ቀለበት ከፍላንጁ ጋር ልክ መግጠም ስላለበት ከበረደ በኋላ ፍላንጁን በጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ መጀመሪያ ሁለት ጎኑ ብቻ ነበር የሚያበራው፣ ቆይቶ ዙሪያው በሙሉ አበራ። የማኒፎልዱ ትልቁ ፍላንጅ በቀጥተኛ ማስመሪያ ሲለካ 0.1 ሚሊ ሜትር የመለኪያ ላሜራ በየትም አያስገባም።

ቅዳሜ

ዛሬ ከዌስትጌቱ የሚወጣው ጭስ። ወደ ውጭ በቀጥታ መልቀቅ አንድ አጭር ቱቦ ብቻ ይጠይቃል፤ ድምፁን የሚወዱም ብዙ ናቸው። እኔ አልመረጥኩትም። 800 ዲግሪ የሆነ፣ በካታሊስት (በጭስ ማጣሪያው) ያላለፈ ጭስ ኮፈን ስር ወይም ፍሬን መስመር አጠገብ እንዲተፋ አልፈልግም። ወደ ዳውንፓይፑ (ከተርቦው የሚወርደው የጭስ ቱቦ) እመልሰዋለሁ።

የሚመለስበት ቦታም እንደ መነሻው ያሳስባል። ከተርባይኑ የሚወጣው ጭስ እየተሽከረከረ ነው የሚወጣው፤ እዚያው አፉ ላይ ሌላ ፍሰት ከጎን ቢገባበት ይረብሸዋል፣ ተርባይኑም ይታፈናል። ስለዚህ ከተርቦው መውጫ 45 ሴንቲ ሜትር ወርዶ፣ በ30 ዲግሪ ማዕዘን፣ ከፍሰቱ ጋር ይገናኛል። የኦክስጅን ሴንሰሩን ከመገናኛው በታች አዛወርኩት፤ ሁለቱንም ጭስ እንዲያነብ።

ይህ ቱቦ ሁለት ጫፉ የታሰረ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አይዝጌ ብረት በሙቀት ከተራ ብረት የበለጠ ይለጠጣል፤ 45 ሴንቲ ሜትር ቱቦ በ600 ዲግሪ ጭማሪ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። መሄጃ ካጣ የሚገፋው ዌስትጌቱንና አዲሱን ብየዳ ነው። መሀሉ ላይ ተጣጣፊ ቤሎ አስገባን።

የቡስት መስመሩ እንደ ድሮው ከተርቦው የአየር ክፍል ላይ ካለው ኒፕል ይነሣል። ከኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር ከሚያቀዘቅዘው) በኋላ መውሰድ ይቻላል፣ ግን እዚያ ግፊቱ ቀንሶ ስለሚደርስ ተርቦው ከታሰበው በላይ ይሠራል። ከስሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚከፍትና ከሚዘጋው በር) በኋላ ከሆነ ደግሞ ዲያፍራሙ ቫኪዩም ይደርስበታል። የአየር ቱቦው የመጨረሻ ክፍል ጠንካራ የመዳብ ቧንቧ ነው፤ ጎማ ከዌስትጌቱ ጋር እስከሚነካካ ድረስ አላመጣሁም። ይህ ቱቦ ቀልጦ ከተበሳ ዌስትጌቱ መከፈት ያቆማል፣ ቡስቱም ወሰን አይኖረውም። ዌስትጌቱ ለማቀዝቀዣ ውሃ የተሠሩ ሁለት ኒፕሎች አሉት፤ መውጫውን ወደ ላይ አድርጌ አገናኘሁት፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ሞቃቱ ውሃ በራሱ ሽቅብ እንዲወጣ።

እሑድ

ከማስነሣት በፊት የጭስ መስመሩን በአነስተኛ አየር ሞልቼ ብየዳውን ሁሉ በሳሙና ውሃ ቀባሁ። አንድ ቦታ ብቻ አረፋ አገኘሁ፤ የቪ-ባንዱ ክላምፕ፤ ፈትቼ አስተካክዬ ስይዘው ጠፋ። ሞተሩን አሙቄ፣ አብርጄ፣ ዳዶዎቹን ሁሉ ደግሜ አጠበቅኩ።

መጀመሪያ በሦስተኛ ማርሽ፣ ቀጥሎ በአራተኛ። የ0.7 ባር ሞላ፦ በ3800 ዙር 0.70፣ በ5000 ዙር 0.71፣ በ6000 ዙር 0.72፣ በ6500 ዙር 0.74። እስከ 7000 ሄድኩ፤ 0.75። ቡስቱ የሚነሣበት ዙር አልዘገየም።

እውነተኛው ፈተና ግን የ0.4 ባሩ ሞላ ነው። ቡስት ሲያንስ በዌስትጌቱ መውጣት ያለበት ጭስ ይበዛል፤ ስለዚህ መንገዱን የሚያስጨንቀው ለስላሳው ሞላ ነው። ክላምፑ ላይ አሁን ሶኬት ቀጥታ ስለሚገባ ሞላውን መቀየር ጊዜ አልወሰደም። በ3500 ዙር 0.42 ባር፣ በ5000 ዙር 0.44፣ በ6000 ዙር 0.47፣ በ6500 ዙር 0.51። በመጀመሪያው ቅዳሜ በዚያው ሞላ 6000 ላይ 0.99 የነበረው ነው። ያው 38 ሚሊ ሜትር ቫልቭ ነው፤ ያን ጊዜ በቃኝ ያለው መንገዱ ነበር።

ከ6000 በላይ ያለችው ትንሽ መውጣት ላይ ትልቅ ቫልቭ የራሱ ድርሻ ይኖረዋል። በ0.4 ባር መንዳት የሚፈልግ ሰው ቢሆን ባለ 44 ያስብ እለው ነበር። ለ0.7 ባር ግን አያስፈልግም፤ ያ ገንዘብ ለሌላ ነገር ይዋል።

የ0.7 ባሩ ሞላ ተመልሶ ገብቷል። የ1.0 ባሩ የነዳጅ ወሰን እንዳለ ይቆያል። ቀጥሎ የሚገባው ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶሌኖይድ (ቡስቱን በኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር የአየር ቫልቭ) ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ማኒፎልዱ ጥቂት ጊዜ ሞቆ ከበረደ በኋላ የአዲሱን ቱቦ ብየዳ፣ በተለይ በ35 ዲግሪው ሹል ማዕዘን በኩል ያለውን፣ በማጉያ መነጽር አየዋለሁ። ስንጥቅ ከመጣ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ካንዴላዎቹንም ያን ጊዜ አወጣለሁ፤ አራተኛዋ ከሦስቱ ጋር አንድ ቀለም ይዛ እንደሆነ ማየት አለብኝ።